ወንፊቱ የማን ነው?

እኔ ወንፊት ኖሮኝ አያውቅም። ይህን አስቀድሜ የማስታውቀው፣ ያለፈው ዐቢይ ጾም በገባ በመጀመሪያው ቅዳሜ ጠዋት በሬ ተንኳኩቶ ስከፍት፣ ጎረቤቴ እትዬ አስካለማርያም ቆሎ የሞላ ወንፊት በሁለት እጃቸው ታቅፈው ስላገኘኋቸው ነው።

«የሺዋስ፣ ወንፊትህን አመጣሁልህ። እግዜር ይስጥልኝ፣ ሽሮዬን ነፋሁበት» አሉኝ። እትዬ አስካለ ለአንድ ሰው ሲናገሩ አምስቱም ፎቅ ይሰማል።

«የኔ አይደለም እኮ፣ እትዬ። እኔ ወንፊት የለኝም።»

«ውይ! ካንተ አይደለም እንዴ የተዋስኩት?» ግንባራቸውን ነካ ነካ አደረጉ። «እንግዲህ ካንዱ ቤት ነው። እስቲ ባለቤቱን ፈልገህ ስጥልኝ፤ ጉልበቴ ደረጃ እምቢ ብሎኛል።»

አፌን ከፍቼ መልስ ሳልሰጥ ወንፊቱ ደረቴ ላይ፣ እሳቸው ቤታቸው ሆኑ።

ስሜ የሺዋስ ነው። አርባ ስድስት ዓመቴ ነው፤ ላጤ ነኝ፤ ቀኑን ሙሉ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ የሰው ማኅደር በቁጥር ስደረድር እውላለሁ። ገላን ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ቤት ሲደርሰኝ የተመኘሁት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ዝምታ። አግኝቼውም ነበር። በኛ ብሎክ ሰው ጠዋት ወደ ሥራው ይወርዳል፣ ማታ ይወጣል፣ በሩን ሁለት ጊዜ ይቆልፋል። ደረጃ ላይ ስንገናኝ ስልካችንን አውጥተን ያልመጣ መልእክት እናነባለን። ስድስት ዓመት ሙሉ ከላዬ የሚኖረውን ሰው የማውቀው በጫማው ድምፅ ነበር። በዚያ ላይ የብሎኩ ኮሚቴ ጸሐፊ ነኝ። መግቢያው ላይ «በቤት ውስጥ በሙቀጫ መውቀጥ በጥብቅ የተከለከለ ነው» የሚለውን ማስታወቂያ የጻፍኩት እኔ ነኝ። «በጥብቅ» በምትለዋ ሥር ያሰመርኩትም እኔው ነኝ።

እና አንድ ድክመት አለብኝ። ያለ ቦታው የተቀመጠ ነገር ካየሁ ውስጤ ይበላኛል። ወንፊቱን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ ኳስ ለማየት ሞከርኩ፤ ወንፊቱ ያየኛል። ቆሎውን መቆርጠም ጀመርኩ፤ ሳላውቀው ጨረስኩት። አሁን ነገሩ ከፋ። ዕቃ ባዶውን አይመለስም፤ እናቴ ነፍሷን ይማረውና ባዶ ሰሃን ከምትመልስ ሰሃኑን ብትሰብረው ትመርጥ ነበር። ቤቴን ፈተሽኩ። ለሰው የሚሰጥ ነገር አንድ እሽግ ፓስታ ብቻ ነው የተገኘው። ፓስታውን ወንፊቱ ላይ ጋደም አድርጌ፣ በስድስት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ የጎረቤት በር ላንኳኳ ወጣሁ።

አንደኛ ፎቅ ሥርጉት የምትባል ነርስ በሩን በጣት ስፋት ከፍታ «ፓስታ አልፈልግም» አለችኝ። ሻጭ መስያት ነው። አራተኛ ፎቅ ስሄድ ደግሞ የጫማው ድምፅ ራሱ በሩን ከፈተው፤ ጀቤሳ ይባላል፣ የከባድ መኪና ሾፌር ነው፣ እግሩ ሲታይ በድምፁ ልክ ነው። «ወንፊት? እኔ?» ብሎ ሳቀ። በመጨረሻ ሁለተኛ ፎቅ ደረስኩ።

«ወንፊቴ!» አለች በሩን የከፈተችው ናዕማ። «ለእማማ አስካለ ነበር እኮ ያዋስኩት። አንተ ጋ ምን ይሠራል?»

«እኔም እሱን ነው የምጠይቀው።»

«ፓስታውስ?»

«ባዶውን እንዳይመለስ ብዬ ነው» አልኳት። በሩን ይዛ እስኪያማት ሳቀች።

የዚያን ዕለት ለማፍጠሪያ ከሠራችው የምስር ሳምቡሳ አንድ ሰሃን ለኔ ተላከልኝ፤ ጾማችን ገጥሞ ነበርና ለሁለታችንም ይሆናል። ይዞልኝ የመጣው ባሏ ሀይረዲን ነው። ከሥር ያለው ሱቅ የሱ ነው። ስድስት ዓመት ዳቦ ስገዛው እኔ «ባለሱቅ» እለው ነበር፣ እሱ «ባለ ሦስተኛ ፎቅ» ይለኝ ነበር። ሳምቡሳው ግሩም ነበር። ስጨርስ ግን ምን ትዝ አለኝ? ሰሃኑ። አሁን ደግሞ እሱ ባዶውን አይመለስም።

እዚህ ላይ ወደ ኋላ ልመለስና ስለ እትዬ አስካለ ልንገራችሁ፤ ስለ ራሴም መናገር የማልወደውን አንድ ነገር።

እትዬ አስካለ ሰባ አንድ ዓመታቸው ነው። አቃቂ ተወልደው አቃቂ ያረጁ ናቸው። አባታቸው የባቡር ሠራተኛ ነበሩ። እሳቸው በአሥራ ሰባት ዓመታቸው ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ገብተው ሠላሳ ሦስት ዓመት የተበጠሰ ፈትል ሲቀጥሉ ኖሩ። የማሽኑ ጩኸት ሁለት ነገር አስተማራቸው፤ አንደኛው መጮህ፣ ሁለተኛው ከንፈር ማንበብ። ዛሬም በረንዳቸው ላይ ቆመው ታች መኪና ማቆሚያው ጋ የሚያወሩ ሰዎችን ወሬ ቃል በቃል ይነግሩሃል። ቀድሞ የኖሩበት ግቢ አሥራ አንድ አባወራ በአንድ ቧንቧ የሚጠቀምበት ነበር። «እዚያ ሰው ሲያስነጥስ ከሦስት ቤት ይማርህ ይባላል» ይላሉ። ግቢው ለልማት ሲነሳ የኮንዶሚኒየም ዕጣቸው ወጥቶ ነበርና ከሁለት ዓመት በፊት ከኔ ጎን ገቡ። በገቡ በሳምንቱ ዳቦ ደፍተው ለየቤቱ አዞሩ። ሁሉም አመስግኖ ተቀብሎ በሩን ዘጋ። እኔ ደግሞ «ስንት ነው?» አልኳቸው። ፊታቸው ላይ ያየሁትን እስካሁን አልረሳሁትም።

አሁን ያ የማልወደው ነገር። በጥር ወር አንድ ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ፣ ከግድግዳው ወዲያ ድም የሚል ነገር ሰማሁ። ቀጥሎ ድም፣ ድም፣ ድም። ሙቀጫ! በጥብቅ የተከለከለው ሙቀጫ! ግድግዳውን በጡጫዬ መልሼ ደበደብኩት። ለአፍታ ጸጥ አለ፤ ከዚያ እንዲያውም ባሰበት። ተቀምጬ ማስጠንቀቂያ ጻፍኩ፤ ቀን አሰፈርኩ፣ ፈረምኩ፣ የኮሚቴውን ማኅተም መታሁ፣ በበራቸው ሥር አሾለክሁት። ድምፁ ቆመ። የጽሑፍ ነገር ኃይል አለው አልኩና ሻይ አፈላሁ።

ስምንት ሰዓት ላይ፣ አዳማ አግብታ የምትኖረው ልጃቸው እየሩሳሌም ደውላ ደውላ ስላልተነሳላት፣ የግቢውን ጥበቃ በስልክ ለምና በሩን አሰበረች። እትዬ አስካለ ከበሩ ሁለት እርምጃ ላይ ወለሉ ላይ ተኝተው ነበር። ጉልበታቸው ከድቷቸው ነው የወደቁት። ስልካቸው መኝታ ቤት፣ እጃቸው የደረሰበት ነገር ዘነዘናው ብቻ። ስድስት ሰዓት ሙሉ እንደዚያ። እኔም ከሌሎቹ ጋር ኮሪደሩ ላይ ቆሜ «ምስኪን!» እያልኩ ዓይኔ ወለሉን ይፈልጋል። ወረቀቱ የለም። ማን እንዳነሳው እንጃ። ከዚያ ወዲህ ማንም አላነሳብኝም፣ እኔም ለማንም አልተነፈስኩም። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይባል የለ።

በማግስቱ እናትና ልጅ ሲነጋገሩ ሰማሁ። ግድግዳችን ምስጢር አይችልም፣ እትዬ አስካለም ምስጢር በዝቅታ አያወሩም።

«ከኔ ጋ አዳማ ትሄጃለሽ። አለቀ» ትላለች እየሩሳሌም።

«አልሄድም። ቤቴ እዚህ ነው።»

«እሺ፣ እዚህ ብሎክ ውስጥ ብትወድቂ የሚያውቅልሽ አንድ ሰው ጥሪልኝ። አንድ! ስሙን ብቻ ንገሪኝ።»

እትዬ አስካለ ዝም አሉ። እሳቸው ዝም ሲሉ ያን ቀን ነው የሰማሁት፤ ደስ አይልም።

«እስከ ፋሲካ ጊዜ ስጪኝ» አሉ በመጨረሻ። «እስከዚያ ስም ካልጠራሁልሽ፣ ጓዜን ጠቅልዬ እከተልሻለሁ።»

እንግዲህ ወንፊቱ የመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ወንፊቱን ሌላ ተከተለው። እትዬ አስካለ በግቢው ጥበቃ እጅ የሥርጉትን ፔርሙዝ ተውሰው ለጀቤሳ መለሱ። የናዕማን ሰፌድ ለሥርጉት። የኔን መዶሻ ለሀይረዲን፣ የሀይረዲንን መሰላል ለኔ። አንድ ቀን ደግሞ ከጀቤሳ የመኪና ክሪክ ተዋሱ። የሰባ አንድ ዓመት ሴት ክሪክ ምን ያደርግላቸዋል ብትሉ፣ የቁምሳጥናቸው አንድ እግር ሰርጉዶ ነው አሉ። ክሪኩን ማን ጋ መለሱት? ሥርጉት ጋ! እሱም ባዶውን አይመለስምና በጎኑ አንድ ኪሎ ምስር በፌስታል ታስሮለት ነበር። ደግሞ ከዕቃው ጋር ሥጋና ወጥ ልከው አያውቁም፤ ሁሌ ቆሎ፣ ምስር፣ ሽምብራ፣ ድንች። የሰው ሃይማኖት ውስጥ ሳይገቡ ነው ሰውን የሚያተራምሱት።

ሥርጉት ክሪኩን እየጎተተች አራተኛ ፎቅ ወጣች። ጀቤሳ በሩን ሲከፍት ሴትየዋ ላብ በላብ ሆና ክሪክ ላይ ተደግፋለች። ውሃ ሰጣት፤ ቁጭ አለች፤ ነርስ ናትና ዓይኑን አይታ ደምህን ልለካው አለችው። ለካ ሰውየው ዓመት ሙሉ ግፊት ይዞት ሳያውቅ ተሳቢ ሲነዳ ኖሯል! ከዚያ ወዲህ በየሳምንቱ ረቡዕ ትለካዋለች፤ እሱ ደግሞ ከመንገድ ሲመለስ ሽንኩርትና ቲማቲም ያወርድላታል። የእግሩ ድምፅ ራሱ ለስለስ አለ፤ ከሥር ሰው እንዳለ ነገርኩታ። ሀይረዲን መሰላሉን ፍለጋ እኔ ቤት መጥቶ ኳሱን ሳይጨርስ አልሄደም። ደረጃ ላይ ስልክ ማውጣት ቀረ። «ዛሬ ደግሞ ምን ደረሰህ?» ሆነ ሰላምታችን።

እኔ ግን የማኅደር ሰው ነኝ። ደብተር አውጥቼ መዘገብኩ፤ ዕቃው፣ የተወሰደበት ቤት፣ የተመለሰበት ቤት። በአምስት ሳምንት ውስጥ አሥራ አንድ ስህተት። አንድም በትክክል የተመለሰ የለም። ለሥርጉት አሳየኋት።

ደብተሩን አይታ ፊቷ ተለወጠ። «ይኼ እኮ የመርሳት በሽታ ምልክት ነው» አለች። «ሲወድቁ ጭንቅላታቸውን መቷቸው ይሆናል። ልጃቸው ማወቅ አለባት።»

ልጃቸው ካወቀች እትዬ አስካለ በማግስቱ አዳማ ናቸው። ይህን ከኔ በላይ የሚያውቅ የለም፤ በግድግዳው ሰምቻለሁ። ሦስት ቀን አመነታሁ። እውነቱን ልናገር፤ የፈራሁት ለሳቸው ብቻ አልነበረም። እትዬ አስካለ ከሄዱ ያ ወረቀትም አብሯቸው የሚሄድ መሰለኝ፤ ይህ ሐሳብ ደስ አለኝ፤ ደስ ስላለኝም አፈርኩ። ነገር ግን ጋዝ ለኩሰው ቢረሱስ? በመጨረሻ ግድግዳው እንዳይሰማ ታች መኪና ማቆሚያው ድረስ ወርጄ ለእየሩሳሌም ደወልኩ።

ፋሲካ ሊገባ ስምንት ቀን ሲቀረው፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ እየሩሳሌም ሁለት ባዶ ሻንጣ ይዛ መጣች። ሁላችንንም እናቷ ሳሎን ሰበሰበችን፤ እኔን፣ ሥርጉትን፣ ጀቤሳን፣ ሀይረዲንንና ናዕማን። እትዬ አስካለ ሶፋው ጥግ ላይ ነጠላቸውን አጣፍተው እንደ ተከሳሽ ተቀምጠዋል። እየሩሳሌም ዓይኗ ቀልቷል።

«የሺዋስ፣ እስቲ ያልከኝን አንብብልን» አለች።

ደብተሬን አውጥቼ ጉሮሮዬን ጠረግሁ። ወንፊት፣ ከናዕማ ተወስዶ ለየሺዋስ። ፔርሙዝ፣ ከሥርጉት ተወስዶ ለጀቤሳ። እያነበብኩ ሄድኩ። ስምንተኛው ላይ ስደርስ አንድ ድምፅ አቋረጠኝ።

«ሰፌዱን ዘለልከው።»

ቀና አልኩ።

«ሰፌዱ ከክሪኩ በፊት ነው። ማክሰኞ ሰፌድ፣ ሐሙስ ክሪክ» አሉ እትዬ አስካለ። «ደግሞ አሥራ አንድ አይደለም፣ አሥራ ሁለት ነው። የናዕማን የሽንኩርት መክተፊያ ለጀቤሳ ሰጥቼው ይኸው እስካሁን አፍኖ ይዞታል።»

ጀቤሳ መሬት መሬት አየ። «የማን እንደሆነ ጠፍቶኝ ነው» አለ።

እትዬ አስካለ ቀጠሉ። በየቀኑ፣ በየዕቃው፣ ማን በየትኛው በር ምን ብሎ እንደተቀበለ፣ ማን ምን ሞልቶ እንደመለሰ፣ የኔ ፓስታ የትኛው ዓይነት እንደነበር ጭምር። ደብተሬን ቀስ ብዬ ዘጋሁ። እየሩሳሌም ሻንጣው ላይ ተቀመጠች።

«እማዬ፣ አውቀሽ ነው?»

«አውቄ ነዋ! ምን ላድርግ? በትክክል የተመለሰ ዕቃ ወሬ የለውም። እንኩ፣ እሺ፣ ደህና ዋይ፣ በሩ ተዘጋ። ሁለት ዓመት ሞከርኩት። የተሳሳተ ዕቃ ግን እግር አለው፤ በየቤቱ ይዞራል፤ እኔ ባልወጣበት ደረጃ እሱ ይወጣልኛል።»

እንደምንስቅ ጠብቀው ነበር። አልሳቅንም።

«እትዬ፣ እኔ እኮ ስለ እርስዎ እንቅልፍ አጥቻለሁ» አለች ሥርጉት። «ሐኪም ለምኜ ቀጠሮ አስይዤ ነበር። እርስዎ ግን ከበስተጀርባዬ ይስቁብኛል?» ብድግ ብላ ወጣች።

ሀይረዲን «ትልቅ ሰው እንዲህ አያደርግም፣ እማማ» አለና ናዕማን ይዞ ተከተለ። ጀቤሳም ኮፍያውን አደረገ።

እኔ ቀረሁ። ተናድጄ ነበር። አምስት ሳምንት ሙሉ እንደ ሎተሪ አዟሪ በየበሩ ያዞሩኝ ሴት ናቸው! «እኔ ልጅዎ ጋ የደወልኩት አዝኜልዎት ነበር» አልኳቸው።

«አውቃለሁ። መኪና ማቆሚያው ጋ ሆነህ ስትደውል ከበረንዳ አይቼሃለሁ። ‹እናትሽ ያሳስቡኛል› አልክ።» ፈገግ አሉ። «ላስቆምህ እችል ነበር። ግን የጎረቤት ሰው ስለ እኔ ሲጨነቅ ማየት ናፍቆኝ ነበር፤ ዝም ብዬ አየሁህ።»

በሩን ዘግቼባቸው ወጣሁ።

ቤቴ ገብቼ ስማ ብሎኝ ሰማሁ። ቁምሳጥን ይከፈታል፣ የሻንጣ ዚፕ ይሳባል። የእየሩሳሌም ድምፅ «እብድ አለመሆንሽ ደስ ብሎኛል፣ ግን አታለልሻቸው፣ አሁን ያንኑም ሰው አጣሽ» ይላል። «ስም ጥሪ ብዬሽ ነበር። ማንን ትጠሪያለሽ?» ከዚያ በረንዳቸው ተከፈተና ድምፃቸው ጠፋ። እትዬ አስካለ በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ በሹክሹክታ እያወሩ ነው። ያን ጊዜ መጠርጠር ነበረብኝ።

አሥር ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ጺሜን እየተላጨሁ ነበር። ከግድግዳው ወዲያ ድም አለ። ከባድ ነገር ነው። ቀጥሎ ዘነዘና ወለሉ ላይ ተንከባለለ። ከዚያ ምንም የለም።

እጄ በልማዱ ወደ ግድግዳው ተነስቶ ነበር። ጡጫዬን አየሁት። የጥር ወሩ ቅዳሜ ከነወረቀቱ ፊቴ ላይ መጣ። ግማሽ ፊቴ አረፋ እንደሆነ፣ አንድ እግሬ ባዶውን፣ ወጣሁና በራቸውን መደብደብ ጀመርኩ። «እትዬ! እትዬ አስካለ! አይዞዎት!» እላለሁ። ንዴቱ የት እንደገባ እንጃ። ከላይ የጀቤሳ እግር ደረጃውን አናወጠው፤ በሩን ሊፈነቅል ክሪኩን ታቅፎ መጥቷል። ከታች ሥርጉት የግፊት መለኪያዋን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ እየሮጠች ወጣች። ናዕማ እጇ ሊጥ እንደሆነ፣ ሀይረዲን የሱቁን ቁልፍ እንደያዘ ደረሱ። ሱቁን ክፍቱን ትቶት ነው የመጣው።

«ዞር በሉ!» አለ ጀቤሳ ክሪኩን እያነሳ።

በሩ ራሱ ተከፈተ። እየሩሳሌም ስልኳን ይዛ ቆማለች። ከኋላዋ እትዬ አስካለ ወንበር ላይ ደልደል ብለው ተቀምጠዋል፤ አንድ ጆንያ ድንች እግራቸው ሥር ተዘርግቷል፣ ዘነዘናው ከጎኑ።

«ስንት አለ?» አሉ።

እየሩሳሌም ስልኳን አየች። «አንድ ደቂቃ ከሃምሳ ሰከንድ» አለች፤ ከዚያ ስልኩን ጥላ ማልቀስ ጀመረች።

ነገሩ እንዲህ ነው። በረንዳው ላይ ተወራርደው ነበር። ጆንያው ይወድቃል፤ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ማንም ካልመጣ እትዬ አስካለ ያለ አንድ ቃል መኪና ውስጥ ይገባሉ። ከመጣ ሻንጣው ባዶውን አዳማ ይመለሳል። ልጅቱ በግማሽ ሰዓት ማንም የሚመጣ አልመሰላትም፤ ሁላችንም ተቀይመን እንደወጣን በዓይኗ አይታለችና።

«ስም ጥሪ ብለሽኝ ነበር» አሉ እትዬ አስካለ፣ ዘነዘናውን አንስተው አንድ በአንድ እየጠቆሙን። «ሥርጉት። ጀቤሳ። ሀይረዲን። ናዕማ፣ ሊጥሽ ወለሌን አበላሸው። የሺዋስ፤ እሱ ቀድሞ ደረሰ። ያን ጊዜ ስድስት ሰዓት ነበር፣ ልጄ። አሁን አንድ ደቂቃ ከሃምሳ።»

«ሁለተኛ ጊዜ!» አለች ሥርጉት። «በአንድ ቀን ሁለት ጊዜ!» ጥርሷን ነክሳ የእትዬ አስካለን ደም ለካች፤ ደህና ሆነ። የጀቤሳን ለካች፤ ደህና ሆነ። የኔን ስትለካ ዓይኗ ፈጠጠ፤ ቁጭ በል አለችኝ። መጀመሪያ የሳቀችው ናዕማ ናት። ከዚያ ማን እንደቀረ አላውቅም። ሀይረዲን ብቻ «ሱቄ!» ብሎ እየጮኸ ወረደ።

እየሩሳሌም የዚያኑ ዕለት ወደ አዳማ ተመለሰች። ስትሄድ ግን የአምስታችንንም ስልክ ቁጥር መዝግባ ነው።

ፋሲካ አለፈ። ሰኞ ከሰዓት በኋላ በሬ ተንኳኳ። እትዬ አስካለ ናቸው፤ በወረቀት የተጠቀለለ ቆሎ ይዘዋል።

«የናዕማ ነው ወይስ የጀቤሳ?» አልኳቸው እየሳቅሁ።

«ያንተ ነው» አሉ ቀስ ብለው። «ይኼንን ቤት አልተሳሳትኩም።»

ገብቼ ጥቅሉን ፈታሁት። ቆሎው ጠረጴዛው ላይ ተበተነ። ወረቀቱ ላይ የራሴን ጽሕፈት አየሁ። «ማስጠንቀቂያ። በቤትዎ የሚሰማው የውቀጣ ድምፅ ባስቸኳይ ካልቆመ…» ቀኑ አለ፣ ፊርማዬ አለ፣ ማኅተሙ አለ። አጣጥፈው ሦስት ወር ያህል ይዘውት ኖረዋል። ያኔ ወለሉ ላይ ተኝተው ሲያነቡት ታየኝ። ወንበር ፈልጌ ተቀመጥኩ። እንዲያ አፍሬ አላውቅም።

ሄጄ በራቸውን አንኳኳሁ። «እትዬ፣ ይቅር ይበሉኝ» አልኳቸው።

«ቆሎውን በላህ?»

«አልበላሁም።»

«ብላው። ወረቀቱን ግን ባዶውን እንዳትመልስልኝ» ብለው በሩን ዘጉ።

እዚያ ወረቀት ውስጥ ምን ይደረጋል? ፓስታ? ስኳር? ቤቴን ሁለት ጊዜ ዞርኩት። መጀመሪያ ታች ወርጄ የመግቢያውን ማስታወቂያ ቀደድኩ። ከዚያ ቤት ተመልሼ መሳቢያ ስከፍት ትርፍ ቁልፌን አገኘሁ፤ ስድስት ዓመት የምሰጠው ሰው አጥቼ የተቀመጠ። አርባ ስድስት ዓመቴ ነው፤ ብወድቅ የሚያውቅልኝ ሰው ስም ጥራ ብባል እኔስ ማንን እጠራ ነበር? ቁልፉን ማስጠንቀቂያው ውስጥ ጠቅልዬ ሰጠኋቸው።

እትዬ አስካለ ፈቱት። ቁልፉን አዩት፣ እኔን አዩኝ፤ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ከዚያ ቁልፉን ከፍ አድርገው አምስቱም ፎቅ በሚሰማ ድምፅ ጮኹ።

«የሺዋስ! ይኼ የናዕማ አይደለም እንዴ?»